አካውንታንቱ እረኛውን እንዴት ይጠይቃል?

አንድ ነጋዴ ከያቤሎ አካባቢ 200 ፍየል በ9,000 ብር ገዝቶ ወደ ሞያሌ ላከ እንበል። ግዥው 1,800,000 ብር ነው። ለእረኛ፣ ለመኖ፣ ለውሃና ለጭነት 140,000 ብር ተጨመረ። አካውንታንቱ ደምሮ ለ200 ሲያካፍለው የአንዱ ፍየል ወጪ 9,700 ብር ይመጣል። ነጋዴውም ይህን ይዞ፣ ፍየሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ ድንበር ማዶ ላለው ገዥ በስልክ በ9,900 ብር ይቆርጣል። በአንዱ 200 ብር አተረፍኩ ብሎም ያድራል።

መንገድ ላይ 6 ሞተው ከሆነ ግን ወጪው የሚካፈለው ለ194 ነው። የአንዱ ወጪ 10,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ሽያጩ 1,920,600 ብር፣ ወጪው 1,940,000 ብር፤ 19,400 ብር ከኪስ ሄደ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ማንም ነጋዴ በጭንቅላቱ ይሠራዋል። ከባዱ የስድስቱን ሞት ዋጋ ከመቆረጡ በፊት መስማት ነው። የሚያውቀው እረኛው ብቻ ነው፤ ከደመወዜ ይቆረጥብኛል ብሎ ከፈራ ደግሞ አይናገርም። ደውሎ «ስንት አጠፋህ?» ብሎ የሚጀምር አካውንታንት የሚያገኘው መልስ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ነው። «ወንድሜ፣ መንገዱ እንዴት ነው? ውሃ የት አገኛችሁ? የደከመ አለ?» ብሎ የሚጀምረው ግን የሞተውን ብቻ ሳይሆን የከሳውንና በመንገድ የተሸጠውንም ይሰማል።

ይህ ጠባይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለሙያው የወጣው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የትምህርት ደረጃ ከሒሳብ ዕውቀት ጎን ለጎን የማመዛዘን፣ ከሰው ጋር የመግባባት፣ ራስን የመምራትና ሥራን የማደራጀት ችሎታን ይጠይቃል። በእንስሳት ንግድ ደግሞ መግባባቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም ማስረጃው ከወረቀት ይልቅ በሰው አፍ ነው። ሻጭና ገዥ በጨርቅ ሥር በጣት ዋጋ በሚነጋገሩበት ገበያ አጠገብ የቆመው ሰው እንኳ ዋጋውን አይሰማም። እዚያ ሄዶ «ደረሰኝ የት አለ?» ብሎ መጮህ ደላላውን ከማስኮረፍ በቀር ጥቅም የለውም። ይልቅ በዚያው ምሽት ከደላላው ጋር ተቀምጦ ቀኑን፣ ብዛቱን፣ ዓይነቱን፣ ዋጋውንና የደላላውን ድርሻ መጻፍ፣ የጻፈውንም መልሶ ማንበብ ይሻላል። በሞያሌ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ቋንቋውን የማይችል አካውንታንት አስተርጓሚ ይፈልግ፤ አስተርጓሚው ግን ራሱ ደላላው አይሁን፤ ደላላው ከዋጋው ድርሻ አለው።

ሌላው መጥፎ ወሬ በጊዜ መናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ በሪፍት ቫሊ ትኩሳት ምክንያት የአካባቢያችንን እንስሳት ስታግድ፣ እገዳው ይዋል ይደር ሳይል ለዓመታት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነጋዴው «ነገ ይከፈታል» ብሎ ተጨማሪ መግዛት ይዳዳዋል። «በዱቤ የተያዘው ገንዘብዎ ይህን ያህል ነው፤ ለመኖ የሚበቃው ይህን ያህል ቀን ነው» ብሎ ማስቆም ድፍረት ይጠይቃል። ንግግሩ በደንበኛ ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ በመቶኛ ሳይሆን ነጋዴው በሚያስብበት በራስ ከብት ቢሆን ይሰማል።

አፍን መያዝም አለ። ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት በገበያ ትልቅ ወሬ ነው፤ በበርጫ ላይ የጌታውን ዕዳ የሚያወራ አካውንታንት በማግስቱ የዱቤ በሩን ይዘጋበታል።

ለመቅጠር የሚፈልግ ነጋዴ ከትምህርት ማስረጃው ሌላ ቀላል ፈተና አለው፦ አመልካቹን ከጉዞ ከተመለሰ እረኛ ጋር ለአንድ ሰዓት ማስቀመጥ። ከዚያም ስንት ተነስቶ ስንት እንደደረሰ፣ የጎደለውም የት እንደጎደለ ጽፎ እንዲያመጣ መጠየቅ ነው።