የገፈርሳ ግድብና የላይኛው ገበሬ

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ በፍኖተ ሰላም አጠገብ የሚያልፈው የላህ ወንዝ፣ በቡሬም በኩል ፈጣም፣ መልካቸው ይለወጣል። በበጋ ጠጠሩ ይቆጠርበት የነበረው ውሃ እንደ ጠላ አተላ ይደፈርሳል። መንገደኛው «ጎርፍ ነው» ብሎ ያልፋል። የሚሄደው ግን ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከጃቢ ጠህናን፣ ከደምበጫና ከቡሬ ተዳፋት የተነሣ፣ በቆሎና በርበሬ ሊያበቅል ይችል የነበረ አፈር ነው። ወንዙ ይዞት ወደ ዓባይ ስለሚወርድ ባለማሳው ዳግመኛ አያየውም። ወንዙ በግድብ ታግዶ ቢሆን ኖሮ ግን የተወሰደው አፈር ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ይታይ ነበር። ለዚህም ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ነዋሪው የሚጠጣው ከምንጭና ቀበናን ከመሳሰሉ ወንዞች ነበር። ውሃው የሚጓጓዘው በእንስራ፣ በሴቶች ጀርባና በአህያ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ውሃ አመጣ። ቁልቁል የወረደው ውሃ ተመልሶ ሽቅብ ወደ ግቢው ሲወጣ የዚያ ዘመን ሰው መደነቁ እስከ ዛሬ ይተረካል። ነገሩ ግን አስማት አልነበረም፤ የምንጩ ቦታ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ከፍ ያለ በመሆኑ በቧንቧ የታሰረው ውሃ ወደ መነሻው ቁመት ለመድረስ ይገፋል። በቦይ መስኖ የሚያጠጣ የጎጃም ገበሬ ይህን ሕግ አሳምሮ ያውቀዋል።

ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድ ምንጭ ብቻውን አልበቃትም። ስለዚህም በአምቦ መንገድ፣ ከቡራዩ አለፍ ብሎ፣ የትንሹ አቃቂ መነሻ በሆነው ሸለቆ ላይ የገፈርሳ ግድብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ ላይ ዋለ። ቦታው በከፍታ ይገኛል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። ከተማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው በአብዛኛው ያለ ሞተር ኃይል በራሱ ክብደት ይወርድለታል። ነዳጅ ውድ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ግድቡ ግን እንደተሠራ አልቀረም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግንቡ ተጨምሮበት ከፍ እንዲል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1960 ማጣሪያ ጣቢያ ተተከለለት። የማጣሪያው አቅም በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር አንድ ሚሊዮን ተኩል ጀሪካን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ከአሮጌው ግድብ በላይ፣ ወደ ወንዙ መነሻ በኩል፣ ገፈርሳ ሦስት የሚባለው ሌላ ግድብ ታከለ። ይህ የላይኛው ግድብ ተጨማሪ ውሃ ከመያዙም በላይ ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ደለል ወደ አሮጌው ከመድረሱ በፊት እንዲቀር ይረዳል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለመሆኑ ደለል ግድብን እንዴት ይጎዳል? ጎርፍ በሩጫ ላይ ሳለ አሸዋውንም ጭቃውንም ተሸክሞ ይጓዛል። ከተጠራቀመው ውሃ ጋር ሲገናኝ ሩጫው ይቆማል፤ ሸክሙንም መጣል ይጀምራል። ከባዱ አሸዋ በሐይቁ አፍ ላይ ይቀራል፤ ቀላሉ ጭቃ እስከ ግንቡ ድረስ ይዘልቅና ይረጋል። ደለሉ የያዘውን ስፍራ ውሃ ሊይዘው አይችልም። ግንቡ ሳይሰነጠቅ፣ ድንጋዩ ሳይነቃነቅ፣ ግድቡ በውስጡ ያረጃል።

ገበሬ በሚያውቀው መለኪያ እናስላው። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ብቻ ቢጠረግ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በክብደትም ከ100 ኩንታል ይበልጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት የጥፍር ውፍረት ያህል ስለሆነ አራሹ መጥፋቱን እንኳ ልብ አይለውም። አምስት ሺህ ሄክታር በሆነ ተፋሰስ ላይ ግን 50,000 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ሁሉ ግድብ አይደርስም፤ ብዙው በየሜዳውና በየአጥሩ ሥር ይቀራል። ቢሆንም ጥቂቱ እንኳ በየክረምቱ ሲደጋገም ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም።

እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 444,000 ያህል ነበር፤ በ1984ቱ ቆጠራ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ገፈርሳ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሊያጠጣ ስለማይችል እ.ኤ.አ. በ1970 በከተማዪቱ በስተምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ ተሠራ፤ ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። ማጣሪያው ሲጀምር በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ያወጣ ነበር፤ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ 150,000 ከፍ ብሏል። የድሬ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጨመረ። ከዚያም የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተከተሉ።

ለገዳዲ የራሱ ችግር አለው። በዙሪያው ያለው መሬት የሚታረስ ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ውሃ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይረጋም፤ ለማርጋት አልሙኒየም ሰልፌት የሚባለውን ማጥሪያ መጨመር ግድ ይላል። ውሃው በደፈረሰ ቁጥር የመድኃኒቱ ወጪ ይጨምራል። ከማሳው ያለቀው አፈር በከተማው ማጣሪያ ዘንድ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። የጎንደር ከተማን ለማጠጣት የተሠራው የአንገረብ ግድብም የደለል ችግር ደርሶበታል። ለኤሌክትሪክ የተሠራው አሮጌው የአባ ሳሙኤል ግድብ ደግሞ በደለልና በእምቦጭ ተይዞ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ የታደሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ወደ ጎጃም እንመለስ። በሜጫ የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ 7,000 ሄክታር ያህል ለማልማት ተሠርቷል። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ምርቶች ማቀነባበሪያ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመርቋል፤ ፋብሪካ ደግሞ ያለ ውሃ አይሠራም። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም እየሰፉ ነው። ነገ በዚህ አካባቢ የከተማ ውሃ ግድብ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቢነሣ ጥያቄው የሲሚንቶና የብረት ብቻ እንደማይሆን የገፈርሳ ታሪክ ያሳያል። ግንቡ የሚቆመው ታች ነው፤ ዕድሜው የሚወሰነው ግን ላይ፣ በበሬና በሞፈር ነው።

መፍትሔው በአካባቢው የማይታወቅ አይደለም። ከደምበጫ በስተሰሜን በምትገኘው አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ በ113 ሄክታር ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ ጎርፉንና ደለሉን ሲለካ ቆይቷል። በ1986 ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራበት። ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን፣ ቦዩን ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ መወርወር ማለት ነው። የተወረወረው አፈር ክትር ይሆናል፤ ከበላዩ የሚታጠበውን ይይዛል፤ ከዓመታት በኋላም ተዳፋቱ እንደ ደረጃ ይደለደላል።

ይሁን እንጂ የገበሬው ቅሬታ መደመጥ አለበት። እርከን መሬት ይወስዳል። ማሳው ጠባብ ለሆነ ቤተሰብ ጥቂት ክንድ መሬት የልጅ ቀለብ ነው። በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ አይጥ ይደበቅበታል፤ ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አገር ውሃ ያቁርና እህሉን ያቢጫል። የከተማው ነዋሪ ለጠጣው ውሃ በሜትር ኩብ ሒሳብ ይከፍላል። የላይኛው ገበሬ ግን ለእርከኑ የሚያውለው የሥራ ቀን በነፃ ነው። ለከተማ የሚሆን ግድብ ሲታሰብ ለላይኛው ተፋሰስ የሚሆነው ገንዘብ ከግንቡ በጀት ጋር አብሮ ካልተያዘ፣ ደለሉን «የገበሬው ጥፋት» ማለት ተገቢ አይመስልም።

እስከዚያው ግን ገበሬው ለራሱ ማሳ ሲል ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በክረምት ውሃ ለማስወጣት በማረሻ የሚቀደደው ፈሰስ ቁልቁል ከተለቀቀ በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይሆናል። አግድም ጋደል ብሎ ተቀዶ፣ ከጎረቤት ጋር በመስማማት ሣር በለበሰ አንድ የጋራ መውረጃ ቢገናኝ፣ ውሃው ይወጣል፤ አፈሩ ይቀራል። መውረጃውን መቅደድና ሣር ማልበስ የአንድ ሰው ጉዳይ ስላልሆነ ምክክሩ መጀመር ያለበት ጥር ላይ፣ እህሉ ከአውድማ ሲነሣ ነው።