ለጤና አዳም የሚሆን የማሰሮ አፈር

ግቫት ጺዮን ውስጥ በረንዳቸው ላይ ጤና አዳም የተከሉ እናቶች «ውኃ እያጠጣሁት ደረቀብኝ» ሲሉ እሰማለሁ። የደረቀው በጥም አይደለም። በጨቀየ አፈር ውስጥ ሥሩ አየር አጥቶ ስለሚበሰብስ ነው።

ሐምራ የሚባለው የአካባቢያችን ቀይ አፈር መሬት ላይ ጥሩ ነው፤ ማሰሮ ውስጥ ግን ይጠቀጠቃል። የባሕር ዳር አሸዋማ ጨው አለበት፤ ያለ ፈቃድ መውሰዱም ክልክል ነው።

ሚሽታላ ሲሄዱ ቱፍ ይጠይቁ። ከጎላን የሚመጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ጃፓኖችም ቦንሳይ ለሚባሉት የማሰሮ ዛፎቻቸው እንዲህ ያለ ጠጠር ይጠቀማሉ። ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይግዙና ብናኙ እስኪለቅ በውኃ ይጠቡት። እኔ የምቀላቅለው ሁለት እጅ ቱፍ፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ነጩ ቀላል ፍሬ) ነው። ፐርላይቱ ከተወደደብዎ ይተዉት፣ በምትኩ ቱፍ ይጨምሩ። ከማሰሮው ሥር ጠጠር መደርደር ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቀራል።

እንደ ነርስ አጥብቄ የምለምንዎ ስለ ኮምፖስቱ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ለአረጋውያን፣ ለሚያጨሱና የቆየ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ይብሳል። ከረጢቱን ደጅ ላይ፣ ከፊትዎ አርቀው ይክፈቱ፤ ማስክ ያድርጉ፤ አፈሩን እንዳይቦን ውኃ ረጨት አድርገው ይቀላቅሉ፤ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በቀጣዮቹ ቀናት ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ «የማሰሮ አፈር ስቀላቅል ነበር» ብለውም ይንገሩት።