የውስጥ ልብስን በትክክል ለክቶ ስለ መስፋት

ነጠላና ጋቢ ልክ አያሹም፤ ረዥሙም አጭሩም እንደ ቁመቱ አጥፎ ይለብሳቸዋል። ቀሚስም ሰፊ ቢሆን መቀነት ይሰበስበዋል። የውስጥ ልብስ ግን ከገላ ጋር ተጣብቆ የሚውል ስለ ሆነ ጕድለቱን የሚሸፍንለት የለም። የጠበበ እንደ ሆነ ብሽሽትን ይፈትጋል፤ ላብ ሲጨመርበትም ቆዳውን ይልጠዋል፤ የሰፋ እንደ ሆነ ደግሞ ከሥር ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ይቈረቍራል። በትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚቍነጠነጥ ሕፃን ሁሉ ባለጌ አይደለም፤ ምክንያቱ ከውስጥ ልብሱ ሊሆን ይችላል።

በክንድና በስንዝር መለካት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የእናትዮዋ ስንዝርና የሰፊው ስንዝር እኩል አይደለምና። በፈረንሳይ አገር በ1795 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በሕግ የቆመው ሜትር ግን በማንም እጅ ቢያዝ ያው 100 ሳንቲሜትር ነው። ይሁን እንጂ ከጨርቅ የተሠራ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣልና፥ አስቀድሞ ከእንጨት ማስመሪያ ጋር ማስተያየት ይገባል።

ተለኪው ስስ ልብስ ብቻ ለብሶ፥ ሆዱን ሳይስብ፥ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሴቶችን ሴት ትለካለች። በመጀመሪያ ቀጭን ገመድ በወገቡ ይታሰርና ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዘንበል ይበል፤ ገመዱ ተንሸራትቶ የሚያርፍበት ስፍራ እውነተኛው ወገብ ነው። ከዚያም ወገቡ፥ ዳሌው በሰፋበት፥ ታፋውም ከብሽሽት በታች ይለካል። ሜትሩ ገላን ይንካ እንጂ አይጭመቅ።

ብዙ ሰፊዎች የሚዘነጉት አንድ ልክ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። ይኸውም ከፊት ካለው የወገብ ገመድ ተነሥቶ፥ በእግሮች መካከል አልፎ፥ ከኋላ እስከ ገመዱ የሚደርሰው ነው። ሰው ሲቀመጥና ሲያጐነብስ የኋላው ወገን ይረዝማል፤ ስለዚህ የኋላው ቍራጭ ከፊተኛው ከፍ ብሎ ይቈረጣል። ደግሞም ተለኪው በጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ በጐኑ በኩል ከገመዱ እስከ ወንበሩ ይለካና 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይጨመርበት። ቆሞ ብቻ የተለካ ሰው ሲቀመጥ ልብሱ ወደ ታች ይጐትተዋል።

አቡጀዴ አይለጠጥም። ስለዚህ ከስፌት መግቢያው ሌላ፥ በዳሌው ልክ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር መጨመር ያሻል። እንደ ካናቴራ ላለ የሚለጠጥ ጨርቅ ግን ይህን ያህል አያስፈልግም። ለጡት መያዣ ሁለት ልክ ይወሰዳል፤ አንዱ ከጡት ሥር፥ ሁለተኛው በጡቱ ላይ ደረት በሰፋበት ነው፤ አንዱ ስለ ሌላው አይቆምም።

አዲስ የጥጥ ጨርቅ በታጠበ ጊዜ ይሰበሰባል። መጠኑን ማወቅ የሚፈልግ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ቍራጭ አጥቦ ካደረቀ በኋላ እንደ ገና ይለካው፤ 48 ቢሆን በሜትር 4 ሳንቲሜትር ይጐድላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጨርቁን በሙሉ አጥቦ መቍረጥ ይሻላል። የሕፃናት ልክ ግን ቶሎ ይለወጣልና፥ ከተለኩበት ቀን ጋር በደብተር ተጽፎ በየመንፈቁ ይታደስ።