ፕራይቬት ሜተድን ሞክ ማድረግ

ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋጋ የሚያወጣ ፕሮግራም በጃቫ ተጽፏል እንበል። ‹ዋጋአስሊ› የተባለው ክላስ ዋጋውን በዶላር ይቀበላል፣ የዕለቱን ምንዛሬ ከባንክ ሰርቨር ይጠይቃል፣ ወደ ብር ይመነዝራል፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደምሮ ውጤቱን ይመልሳል። (ጃቫ የክላስና የሜተድ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ የሚደፍረው ግን ብዙም አይገኝም።) ከውጭ የሚጠራው ‹አስላ› የሚለው ፐብሊክ ሜተድ ብቻ ነው። ባንኩን የሚጠይቀው ‹ምንዛሬአምጣ› ፕራይቬት ተደርጎ ውስጥ ተቀምጧል።

ለዚህ ክላስ ዩኒት ቴስት ስንጽፍ የምንፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ ምንዛሬው 50 ብር ቢሆን የ100 ዶላር ዕቃ 5,750 ብር መውጣት አለበት። ችግሩ ምንዛሬውን የሚወስነው ባንኩ መሆኑ ነው። ጠዋት ያለፈ ቴስት ማንም ኮዱን ሳይነካው ከሰዓት ይወድቃል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ «ይቺን ‹ምንዛሬአምጣ› ሞክ ላድርጋትና ሁልጊዜ 50 ትመልስልኝ» ብሎ ያስባል።

ሞክ በእውነተኛው ኦብጀክት ቦታ የሚቆም፣ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ የተነገረው፣ ማን እንደጠራውም የሚመዘግብ ኦብጀክት ነው። ሐሳቡ በስፋት የታወቀው ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ በ2000 በጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በተካሄደ ጉባኤ ላይ ጽሑፍ ካቀረቡበት በኋላ ነው። ዛሬ በጃቫ ዓለም ሞክ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በሽቼፓን ፋበር የተጀመረውን ሞኪቶን ነው።

ሞኪቶ ግን ፕራይቬት ሜተድን ሞክ አያደርግም። ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። በቆየው መንገዱ ሞኪቶ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ከክላሱ ልጅ ክላስ ይፈጥራል፤ ልጁ የወላጁን ሜተዶች በራሱ እየተካ የተነገረውን መልስ ይሰጣል። ፕራይቬት ሜተድ ደግሞ አይወረስም፣ አይተካም። ‹አስላ› ‹ምንዛሬአምጣ›ን ሲጠራ ጥሪው በቀጥታ ወደ ዋናው ኮድ ይሄዳል፤ ልጁ መኖሩንም አያውቅም። የሞኪቶ ነገር እዚያ ከመድረሱም በፊት የቴስቱ ክላስ የሜተዱን ስም ሲጠራ ኮምፓይለሩ ያስቆመዋል። በፒኤችፒ ዓለም የፒኤችፒዩኒት ሞክም በልጅ ክላስ ስለሚሠራ ፕሮቴክትድ ሜተድን ይተካል፣ ፕራይቬት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ፓይተን ውስጥ እንዲህ ያለ ከልካይ የለም፤ በሁለት የሥር ሰረዝ የሚጀምር ሜተድ እንኳ የክላሱን ስም ከፊቱ ጨምሮ የጠራውን ሁሉ ይታዘዛል።

በጃቫ በጉልበት መግባት ለሚፈልግ ፓወርሞክ አለለት። የራሱን ክላስ ጫኝ ተጠቅሞ ባይትኮዱን ስለሚቀይር ፕራይቬቱንም ይተካል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ለጁኒት 5 ይፋዊ ድጋፍ ሳይኖረው ቀርቷል። የቴስት ሽፋን የሚለካው ጃኮኮ፣ ክላሶችን በሚጫኑበት ሰዓት እየተከታተለ ሲሠራ፣ ፓወርሞክ ያዘጋጀውን ክላስ ጭራሽ እንዳልተፈተነ ቆጥሮ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሜተዱ ስም በቴስቱ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ በጥቅስ መቀመጡ ነው። ነገ አንድ ባልደረባ ስሙን ቢቀይር ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል፣ ቴስቱ ይሰበራል። ምንም ጥፋት ሳይኖር የሚጮህ ቴስት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሰሚ ያጣል።

በእኔ እምነት እጃችን ወደ ፕራይቬት ሜተድ ሲዘረጋ ክላሱ ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል ማለት ነው። ዋጋ ማስላት አንድ ሥራ ነው፤ ባንክ መጠየቅ ሌላ። ባንክ ጠያቂውን አውጥተን ‹ምንዛሬሰጪ› የሚባል ኢንተርፌስ ብናደርገውና ‹ዋጋአስሊ› ሲፈጠር በኮንስትራክተሩ እንዲቀበለው ብናደርግ ጣጣው ያልቃል። ቴስቱ ሁልጊዜ 50 የሚመልስ ‹ምንዛሬሰጪ› ይሰጠዋል፤ እንዲያውም ኢንተርፌሱ አንድ ሜተድ ብቻ ካለው ሞኪቶም አያስፈልግም፣ አንድ መስመር ላምዳ ይበቃል። ነገ ባንኩ ቢቀየር ‹ዋጋአስሊ›ን የሚነካው የለም።

ይህ ማለት ፕራይቬት ሜተድ ሁሉ ክላስ ይሁን ማለት አይደለም። ታክሱን አስልቶ ሳንቲሙን የሚያጠጋጋው ሜተድ ውጭ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ስለዚህ እዚያው ይቆይ። በ‹አስላ› በኩል የተለያዩ ዋጋዎች ሲገቡ እሱም አብሮ ይፈተናል። እሱን ሞክ ማድረግ ልንፈትነው የመጣነውን ስሌት ራሱን ከቴስቱ ማውጣት ነው።

አስቸጋሪው ሦስት ሺህ መስመር የደረሰ፣ ቴስት የሚባል ነገር ያልነካው አሮጌ ክላስ ሲገጥመን ነው። እዚያ ላይ ያለ ቴስት ክላስ መበጠስ ያስፈራል። ማይክል ፌዘርስ በ2004 ባሳተመው ስለ አሮጌ ኮድ የሚያስተምር መጽሐፍ ያቀረበው መንገድ እስካሁን ይሠራል፦ ፕራይቬቱን ፕሮቴክትድ አድርግ፣ በቴስቱ ውስጥ ልጅ ክላስ ጽፈህ ያቺን አንድ ሜተድ ብቻ ተካ። በጃቫ ፕሮቴክትዱን ትቶ በፓኬጅ ደረጃ ብቻ መክፈትም ይበቃል፤ ቴስቱ በዚያው ፓኬጅ ውስጥ ስለሚቀመጥ ያየዋል። ንጽሕና ወዳዶች ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ያጨማድዱ። ቴስቶቹ ተጽፈው አረንጓዴ ሲያሳዩ ባንክ ጠያቂውን ያለ ስጋት ወደ ራሱ ክላስ ማውጣት ይቻላል፣ የተከፈተውም ሜተድ ያን ጊዜ ከ‹ዋጋአስሊ› ይሰረዛል።