ስለ ማኅሌትና ስለ እግዚኦታ መደጋገም
(የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቍጥር 7 ትርጓሜ)

ጌታ በተራራ ላይ ሲያስተምር፥ ቃል በማብዛታቸው የሚሰሙ የሚመስላቸውን አሕዛብ እንዳይመስሉ ደቀ መዛሙርቱን ከለከላቸው። እንዲህ ከሆነ ካህናት በማኅሌት አንዱን ዜማ መላልሰው መዘመራቸው፥ ምእመናንም እግዚኦታን 12 ጊዜ፥ 41 ጊዜ ማድረሳቸው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፤ የተነቀፈው በከንቱ መድገም ነው እንጂ መድገም አይደለም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ደግሟልና (ማቴ. 26፥44)።

በከንቱ ማለት ምንድን ነው ቢሉ፤ ልብ ሌላ ስፍራ ሳለ አፍ ብቻ ሲናገር ነው። አንድም፥ ይህን ያህል ብያለሁና ይገባኛል ብሎ ቍጥሩን እንደ ዋጋ መያዝ ነው።

ምሳሌው ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል እስከ ሞጣ ባለው አገር ይገኛል። ይህ አገር በቅኔ የታወቀ ነው፤ በቢቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስም ከታላላቆቹ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አንዱ ነው። ባለቅኔ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መልሶ ቢያመጣው ነውር ይሆንበታል። በዚያው ሌሊት ግን ያው ባለቅኔ፥ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በግእዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ከሠራው ዜማ አንዱን ይዞ፥ አስቀድሞ በቁም፥ ቀጥሎ በመቋሚያ በዝማሜ፥ ከዚያም በጸናጽልና በከበሮ በመረግድ፥ በመጨረሻ እጁን እያጨበጨበ በጽፋት ይመላልሰዋል። ቅኔው አእምሮን ያራቅቀዋል፤ ዜማው የተራቀቀውን አእምሮ በአንድ ቃል ላይ ያሳርፈዋል።

ግእዝ ያልተማረው ገበሬስ ቢሉ፤ ዝናም ሲዘገይ፥ በሽታም ሲገባ ለምሕላ ወጥቶ ከካህናቱ ጋራ ይጮኻል። እግዚኦ ማለት አቤቱ፥ መሐረነ ማለት ማረን መሆኑን ካወቀ የቀራጩን ጸሎት ጸለየ (ሉቃ. 18፥13)። ኪርያላይሶንም የጽርዕ ቃል ነው፤ ምሥጢሩ ያው ምሕረት መለመን ነው። ሳያውቀው ቢቀር ግን ዕዳው የእርሱ ብቻ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በመንፈስም በአእምሮም መዘመር እንዲገባ ሲያስተምር፥ ያልተማረው ሰው ያላስተዋለውን ቃል አሜን ሊለው እንደማይችል ያመለክታል (1 ቆሮ. 14፥15-16)። ስለዚህ ከምሕላው በፊት ትርጓሜውን መንገር የካህኑ ዕዳ ነው፤ የተነገረውን ልብ አድርጎ ማድረስ የምእመኑ ነው።

መቍጠሪያም የሚያዘው እግዚአብሔር ቍጥር ስለሚሻ አይደለም። አንዱን ፍሬ ሲያሳልፍ ልቡ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሙግቱ ሄዶ ቢያገኘው፥ ሁለተኛውን ሲይዝ እንዲመልሰው ነው።

ጌታም በዚያው ምዕራፍ፥ ለሰው በደሉን የማይተውለት እርሱም እንደማይተውለት አስጠንቅቋል (ማቴ. 6፥15)። እንግዲህ ደም ተቃብቶ፥ ወይም በድንበር ተጣልቶ ዕርቅ እንቢ ያለ ሰው 41 ጊዜ ማረኝ ቢል፥ በከንቱ መድገም ማለት ይህ ነው። አስቀድሞ ወንድሙን ይማር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም ቢል፥ ሌሊቱን ሁሉም ቢል ይሰማለታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።