ስለ ትላልቅ የጦር ጨዋታ ምስሎች አገጣጠምና ቀለም አቀባብ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ ያሰብነው በጠረጴዛ ላይ ለሚደረግ የጦር ጨዋታ የሚያገለግሉ ትላልቅ የምናብ ምስሎች፤ ይኸውም ዘንዶ፣ ግዙፍ አውሬና ሰው የሚነዳው የብረት ፍጡር የመሳሰሉት፤ እንዴት እንደሚገጣጠሙና እንዴት ቀለም እንደሚቀቡ ነው። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው የሕፃናት መጫወቻ ብቻ መስሎ ይታየው ይሆናል። እኛም አስቀድሞ የመሰለን እንደዚሁ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የአንዳችን ዘመድ ከእንግሊዝ አገር ያመጣልንን አንድ ዘንዶ ለመሥራት ሦስት ተማሪዎች ሆነን ስድስት ሳምንት ከደከምን በኋላ፤ ሥራው የፊዚክስን፣ የኬሚስትሪንና የሥዕልን ዕውቀት በአንድነት የሚጠይቅ መሆኑን ተረዳን። ከተረዳነውም የሚበዛውን ያገኘነው ዘንዶው ከወደቀብን በኋላ ስለ ሆነ ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የጨዋታው አመጣጥ

ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጨዋታ መሠረት ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ፤ በሰንጠረዥ ጊዜ ንጉሡም ወታደሩም በተወሰኑ አራት ማዕዘኖች ላይ ሲሄዱ፤ በዚህኛው ጨዋታ ግን ምስሎቹ የሚሄዱበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል፤ የውጊያውም ውጤት ዳይስ በመጣል ይወሰናል። ስለዚህ ብልሃትና ዕድል አብረው ይሠራሉ።

ጨዋታው ሥሩ የመኮንኖች ትምህርት ነው። በፕሩስያ ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባለ ሰው በ1812 የጦር ጨዋታ ሠርቶ ለንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም 3ኛ አቀረበ። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 አሻሽሎ ደንቡን አሳተመው፤ የፕሩስያም ጦር ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገው። ከዚህ በኋላ ጨዋታውን ወደ መኖሪያ ቤት ካስገቡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነው። እርሱ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል ትርጕም ያለውን መጽሐፉን አሳትሞ፤ በቤት ወለል ላይ በቆርቆሮና በእርሳስ ወታደሮች እንዴት እንደሚዋጉ ደንብ አወጣ።

ዘንዶና ግዙፍ ፍጡር የገቡት ግን ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 «ቼይንሜይል» የተባለውን የመካከለኛ ዘመን የጦር ጨዋታ ደንብ ሲያወጡ የተረት ፍጡራንን የሚመለከት ክፍል ጨመሩበት። በ1974 ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን አወጣ። በእንግሊዝ አገር ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ድርጅት በ1975 ተቋቋመ፤ በ1979 ሲታደል የተባለው የምስል መሥሪያ ሲመሠረት፤ በ1983 ደግሞ «ዋርሃመር» የተባለው ጨዋታ ወጣ። ዛሬ የዚህ ሥራ ዋና ማዕከል ከሆኑት ከተሞች አንዷ ኖቲንግሃም ናት።

2. ትልቅነት የሚያመጣው ችግር

በእነዚህ ጨዋታዎች አንድ ተራ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ ከእግሩ እስከ ዐይኑ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ዘንዶ ግን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 31 ሴንቲ ሜትር ነበር። እንግዲህ ትንሹን ወታደር መሥራት የቻለ ሰው ትልቁንም በዚያው ዘዴ ይሠራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ይህ አስተሳሰብ ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው ሒሳብ ይገኛል።

አንድን ምስል መልኩን ሳንለውጥ በርዝመቱም፣ በስፋቱም፣ በከፍታውም አምስት እጥፍ ብናሳድገው፤ ክብደቱ 5 × 5 × 5፣ ማለት 125 እጥፍ ይሆናል። ክንፉ ከገላው ጋር የሚጣበቅበት ገጽ ግን 5 × 5፣ ማለት 25 እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ማጣበቂያ ላይ የሚያርፈው ሸክም አምስት እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ለትንሹ ወታደር ክንድ አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ስትበቃ ለዘንዶው ክንፍ የማትበቃው ስለዚህ ነው። ክንፉ ወደ ጎን የተዘረጋ ከሆነ ደግሞ እንደ ሞፈር ሆኖ መጋጠሚያውን ይጠመዝዛል።

3. ስለ ቁሳቁስ

ምስሎቹ ከሦስት ዓይነት ነገር ይሠራሉ። ጥንታዊው ብረት ነው። ቀድሞ እርሳስ የበዛበት ቅይጥ ነበር፤ እርሳስ ለጤና ጎጂ በመሆኑ ግን በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ሠሪዎች ቆርቆሮ ወደ በዛበት ቅይጥ ተሻገሩ። ሁለተኛው ፕላስቲክ ሲሆን፤ የቀለጠው ፖሊስታይሪን በብርቱ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ እየገባ የሚወጣ ነው። ቅርጽ ማውጫውን ማሠራት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ከተሠራ በኋላ ግን አያሌ ምስሎች በፍጥነት ይወጡበታል። ሦስተኛው ሬዚን ነው። ሬዚን ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው በጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚደርቁበት ነገር ስለ ሆነ፤ በትንሽ ቁጥር ለሚሠሩ ትላልቅ ምስሎች ይመቻል። በቅርብ ዓመታትም በብርሃን ኀይል የሚደርቅ ሬዚን በማተሚያ መሣሪያ ንብርብር በንብርብር እየተሠራ በየቤቱ ምስል ማውጣት ተችሏል።

የቁሳቁሱን ዓይነት ማወቅ የሚያስፈልገው ማጣበቂያው እንደየዓይነቱ ስለሚለያይ ነው። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሁለቱን ገጾች አቅልጦ አንድ አካል ያደርጋቸዋል፤ ሲደርቅ መጋጠሚያው እንደ ቀሪው ገላ ይጠነክራል። በሬዚንና በብረት ላይ ግን ምንም አይሠራም። ለእነዚህ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል፤ እርሱም ቶሎ ይይዛል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ደረቅ ስለ ሆነ ድንገተኛ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል።

4. አገጣጠምና የእኛ ስሕተት

የእኛ ዘንዶ የሬዚን ነበር። ሣጥኑን በከፈትንበት ማታ በደስታ ተቻኩለን ክንፎቹን በሱፐር ግሉ አጣበቅን፤ በሦስተኛውም ቀን ቀለም ጀመርን። ሥራው አልቆ ለጓደኞቻችን ለማሳየት በደረጃ ስናወጣው የግራ ክንፉ ከትከሻው ተላቀቀ፤ ሚዛኑም ስለ ተበላሸ ዘንዶው ከእጃችን አምልጦ ወደቀ፤ አንገቱም ተሰበረ። ከዚህም የባሰው፤ በሆዱ በኩል ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ መጣ። የአራት ሳምንት ድካም ነበር። ለሁለት ቀን ማንም ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም። በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን መመርመር ጀመርን፤ ያገኘነውም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሬዚን ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት አለ። ያ ቅባት በለብ ያለ ውሃና በሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ እየታሸ ካልታጠበ ቀለምም ማጣበቂያም አይዝም። እኛ አላጠብንም ነበር።

ሁለተኛ፤ ትልቅ መጋጠሚያ በማጣበቂያ ብቻ አይታመንም። በሁለቱም ገጾች ላይ በእጅ መሰርሰሪያ ትይዩ ቀዳዳ ተበስቶ የብረት ሽቦ እንደ ካስማ ይገባበታል። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት እንዲገናኙ በአንደኛው ገጽ ቀዳዳ አፍ ላይ እርጥብ ቀለም ነጠብ አድርጎ ከሌላው ጋር ማጋጠም ነው፤ ምልክቱ በሌላው ገጽ ላይ ይታተማል። በትምህርት ቤታችን የእንጨት ሥራ መምህራችን ወንበር ሲያጋጥሙ ያስተማሩን ይህንኑ ነበር፤ እኛ ግን ዘንዶና ወንበር አንድ ዓይነት ሕግ እንዳላቸው አላስተዋልንም።

ሦስተኛ፤ ክንፉ በመጠኑ ጠሞ ነበር። እኛ በግድ ገፍተን አጣበቅነው፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ቀንና ሌሊት ክንፉ ወደ ጠመመበት ለመመለስ ሲታገል ቆየ። የጠመመ ሬዚን በሙቅ ውሃ ጥቂት ጊዜ ተነክሮ ሲለሰልስ በእጅ ይቃናል፤ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ሲገባም በተቃናበት ይጸናል።

ሁሉን እንደገና አፍርሰን፣ አጥበን፣ ክንፎቹን በሁለት ሁለት ሽቦ፣ አንገቱን በአንድ ወፍራም ሽቦ አያያዝን። በመጋጠሚያው የቀረውን ክፍተት ሁለት ዓይነት ሊጥ ተለውሶ በሚሠራ መሙያ ሞላን፤ ይህ ሊጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሳይደርቅም ቅርፊት ሊቀረጽበት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እናስገባለን፤ ሬዚን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው። ስለዚህ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ውሃ እያርከፈከፉ መፋቅ ይገባል።

5. ስለ ቀለም

ከሁሉ አስቀድሞ ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቀለም ይረጫል፤ ሥራውም የኋላው ቀለም የሚይዝበትን ገጽ ማዘጋጀት ነው። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ፕራይመሩ አሸዋ እንደ ተነሰነሰበት ይሻክራል። እኛም በክረምት ስለ ሠራን ዝናቡ አባርቶ አየሩ እስኪደርቅ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነብን። መላውን ጥቁር ረጭቶ ከላይ ብቻ ነጭ መርጨት ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ፀሐይ ከአናት ሆና የምታበራው ክፍል የት እንደ ሆነ ለሠዓሊው አስቀድሞ ይመራዋልና።

ትንሽ ምስል ቀለም የሚቀባበት ምክንያትና ትልቁ የሚቀባበት ምክንያት አንድ አይደለም። የትንሹ ወታደር ልብስ እጥፋት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ጥላው ከሩቅ አይታይም፤ ሠዓሊው ጥላውን በቀጭን ጥቁር ቀለም፣ ብርሃኑን በፈዘዘ ቀለም ሊፈጥርለት ይገባል። በትልቁ ምስል ግን ችግሩ ባዶነት ነው። ሰፊ የክንፍ ቆዳ በአንድ ቀለም ብቻ ሲሸፈን ፕላስቲክነቱ ወዲያው ይታወቃል። በዚያ ላይ ለትንሹ የሚረዳው ቀጭን ጥቁር ቀለም በሰፊ ገጽ ላይ ሲፈስ እየተጠራቀመ ይደርቅና የኩሬ ዳር የመሰለ ቀለበት ይተዋል። ስለዚህ ጥቁሩ ቀለም በስንጥቁና በቅርፊቱ ሥር ብቻ በቀጭን ብሩሽ ይገባል። ሰፊው ገጽ በአየር ግፊት በሚረጭ መሣሪያ፤ ይህ ከሌለም እኛ እንዳደረግነው በውሃ በቀጠነ ቀለም ብዙ ጊዜ እየተደራረበ ይቀባል። ሁለት ቀጭን ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራሙ የብሩሽ ፈለግ ይተዋልና። ለቅርፊቱ ደግሞ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው በላዩ ላይ ማንሸራተት በቂ ነው፤ ጎላ ያለው ጫፍ ብቻ ቀለሙን ይይዛል።

ለጥላ ጥቁር ብቻ መጨመር ቀለሙን ያሞተዋል። ቀይ ዘንዶ ከሆነ ጥላውን በወይን ጠጅ ቀለም፣ ብርሃኑን በብርቱካን መልክ ማድረግ ሕይወት ይሰጠዋል። ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሠዓሊዎች ፊትን በጥላ እያለዘቡ ክብ አስመስለው ይሥሉ እንደ ነበር፤ ከእነርሱ በፊት የነበረው አሣሣል ግን ጥላ የሌለው፣ ቀለሙ የጠራ እንደ ነበር የሥዕል ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል።

ክንፉንና ተቀማጩን ለብቻ ቀብቶ በኋላ ማጋጠም እጅ የማይደርስበትን ቦታ ለመቀባት ይረዳል። ነገር ግን መጋጠሚያው ገጽ ቀለም እንዳይነካው መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማጣበቂያው የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ገላውን አይደለም፤ ቀለሙ ሲላጥ ክንፉም ይከተለዋል። በመጨረሻም ምስሉ በተጫዋች እጅ ስለሚነካ በቨርኒሽ ይሸፈናል።

6. መደምደሚያ

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። ከሦስታችን አንዱ ታላቅ ወንድሙን በጦርነት ያጣ ነው። ሥራውን ከእኛ ይልቅ በትጋት ሠራ፤ የዘንዶውንም ዐይን የሣለው እርሱ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ግን ዳይሱን ለመጣል እጁን አልዘረጋም፤ እኛም ምክንያቱን አልጠየቅነውም። ኋላ ዌልስን ስናነብ እርሱም በመጽሐፉ መጨረሻ ትንሹን ጦርነት ከታላቁ ጋር አወዳድሮ፤ ታላቁ ጦርነት ምን ያህል ከንቱና ከሰው ዐቅም በላይ እንደ ሆነ ለማሳየት መጣሩን አየን። መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ በ1914፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ይህን ለጓደኛችን ስንነግረው፤ «በዚህ ጠረጴዛ ላይ የወደቀውን ሁሉ የሚያነሣ እጅ አለ፤ ልዩነቱ እርሱ ነው» አለን።

እኛ ከዚህ ሥራ ያተረፍነው ዘንዶውን ብቻ አይደለም። ለዐይን የሚታየው ቀለም የሚጸናው በማይታየው መጋጠሚያ መሆኑን፤ የወደቀውንም አፍርሶ እንደገና መሥራት እንዳለ በእጃችን ተምረናል። ዘንዶው ዛሬ በጥናት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ ክንፉም እስካሁን አልተነቃነቀም። ሊያየው የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። በጽሑፋችን ጉድለት ያገኘ መምህር ወይም ጓደኛም ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።