መልስ የሚጠብቁ ልጆች

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 ከ35 ሺህ በላይ ልጆች ያለ እናትና አባት ስዊድን ገብተው ጥገኝነት ጠየቁ። አብዛኞቹ የአፍጋኒስታን ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የሄዱም አሉባቸው። የእነዚህ ልጆች የአእምሮ ጤና ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው በመንገድ ያዩትን መከራ ነው፤ ጦርነቱን፣ ደላላውን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን። መከራው እውነት ነው። ነገር ግን ከባሕር የተረፈ ልጅ አልጋና ትምህርት ቤት ካገኘ በኋላ ለምን እንደሚብስበት አያስረዳም። ካለፈው መከራ ባልተናነሰ የሚጎዳቸው ከደረሱ በኋላ የሚገጥማቸው የማያልቅ ጥበቃና አለኝ የሚሉት ሰው ማጣት ነው ብዬ አምናለሁ።

በኖርዌይ ተመራማሪዎች ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ልጆችን ከሁለት ዓመት በላይ ተከታትለዋል። የልጆቹ ጭንቀት በጊዜ ብዛት አልቀነሰም። ጥገኝነት የተከለከሉትና «አዋቂ ናችሁ» ተብለው ወደ አዋቂዎች ማቆያ የተላኩት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ተጨንቀው ተገኙ። በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ባጠናው መሠረት በ2017 ብቻቸውን በመጡ ወጣት ጥገኝነት ጠያቂዎች መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ምጣኔ በተመጣጣኝ ዕድሜ ካሉ የአገሬው ወጣቶች ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ያህል ነበር። በእንግሊዝም እርስ በርስ የሚተዋወቁ አራት ኤርትራውያን ወጣቶች በ16 ወራት ውስጥ ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። እነዚህ ሁሉ አስጊውን መንገድ አልፈው የደረሱ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ቀን አሥራ ስምንተኛው የልደት ቀን ነው። በስዊድን ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ልጅ 18 ሲሞላው ሞግዚቱን ያጣል፣ ከልጆች ማደሪያ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከለመደው ትምህርት ቤትና ከጓደኞቹ ይለያል። ቀኑን የሚወስነው ደግሞ ወረቀት ነው። በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የአፍጋኑ ልጅ የሚቆጥረው በሌላ ዘመን ነው፣ ከፈረንጆቹ ጋር ያለው ልዩነትም ስድስት መቶ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ፈርቶ፣ በአስተርጓሚ በኩል የተናገረው ቀን ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ውሸታም ይባላል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የስዊድን ሐኪሞች የጥበብ ጥርስን በራጅ፣ ጉልበትን በኤምአርአይ አንስተው ዕድሜ ይገምቱ ጀመር።

«አዋቂዎች ልጅ ነን እያሉ ቢገቡስ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው፤ ልጆች መሃል አዋቂ ማስገባት አደጋ አለው። ሆኖም ጥርስና አጥንት ግምት እንጂ የልደት ቀን አይሰጡም። ልጅን አዋቂ ብሎ መሳሳት የሚያስከትለውን ኖርዌይ ላይ አይተናል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ለልጁ በሚጠቅም መንገድ መወሰን አለበት፣ ውሳኔውም መዘግየት የለበትም።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ባህል ነው፤ ልጁ ከአገሩ ሰው ጋር ካደገ አዲሱን አገር አይለምድም ይባላል። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። በሆላንድ ኒዶስ የተባለው የሞግዚትነት ተቋም ብዙ ልጆችን በቤተሰብ ውስጥ ያሳድራል፤ ሲቻልም የባህላቸውን ሰው ይፈልጋል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት አንድ ልጅን ቀረብ ብሎ ማሰብ ይበቃል። በዐቢይ ጾም ወተትና ሥጋ የማይቀምስ ልጅ «የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቷል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ታላቅን ለማክበር ዓይኑን ሰበር ሲያደርግ የሚደብቀው ነገር እንዳለው ይታሰባል። ድባቴ ይዞኛል አይልም፤ ራሴን ይዞኛል፣ ሆዴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል። ማታ እናቱ ደውላ ለደላላ የተበደሩትን ብር ስታነሳ ደህና ነኝ ብሎ ይዘጋል። ይህን ከፊቱ የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል። የአዲሱን አገር ቋንቋ በትምህርት ቤት ይማራል፤ ለመማር ግን ሌሊት መተኛት አለበት።

በስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች ለእንዲህ ያሉ ልጆች ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፉበት ደጋፊ ቤተሰብ መመደብ ይችላሉ። በስቶክሆልምና በጎተንበርግ የሚኖሩ የእኛ ቤተሰቦች ማመልከት ይችላሉ፤ ሞግዚት ለመሆንም እንዲሁ።